የኤልያስ ሃው ስም ይመለስ፤ የሰልጣኞቻችንም፦ ለማሰልጠኛ ተቋማችን ግልጽ ደብዳቤ

ለተቋማችን የሥልጠና ዘርፍ ኃላፊ
ባሉበት

ጉዳዩ፦ ስለ ስፌት መኪና ታሪክ የተሳሳተ ማስተማሪያ፣ በፈተና ስለተቀነሰ ነጥብ እና ስም ስለተነሳበት የሰልጣኝ ንድፍ

ክቡር ኃላፊ፣

አክብሮታችን እንደተጠበቀ ሆኖ በቀጥታ ወደ ጉዳዩ እንገባለን። መጀመሪያ ለክፍልዎ በቃል ነገርን። ቀጥሎ በጽሑፍ አስገባን፤ መዝገብ ቤትም ቁጥር ሰጥቶታል። ሦስት ወር አለፈው። እስከ ዛሬ ያገኘነው መልስ አንድ ብቻ ነው። እሱም ኮሪደር ላይ፣ በቃል፦ «መኪናውን ማንም ይፍጠረው፣ እናንተ ስፌቱን አስተምሩ።»

ስፌቱን እያስተማርን ነው። መኪናውን ማን እንደፈጠረው ግን ግድ ይለናል። ለምን እንደሚለን በዚህ ደብዳቤ በዝርዝር እናስረዳለን። ከታች የምንጠቅሳቸው የውጭ ታሪክ ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አንደኛው ቅሬታችን ማስተማሪያ ጽሑፉ ነው። ዘንድሮ አዲስ ታትሞ መጣ። ቀድሞ አሰልጣኞች ራሳችን ያዘጋጀነው አራት ገጽ ታሪክ ነበር። አሁን ሁለት መስመር ሆኗል። አይዛክ ሲንገር የልብስ ስፌት መኪናን በ1851 ፈጠረ ይላል። ከዚያ በፊት ሰው ሁሉ በእጁ ይሰፋ ነበር ይላል። አለቀ።

ሁለቱም መስመሮች ስህተት ናቸው። በ1830 ፈረንሳዊው ባርተለሚ ቲሞንዬ ለስፌት ማሽኑ ፓተንት፣ ማለትም በመንግሥት የተመዘገበ የፈጠራ ባለቤትነት መብት፣ አግኝቷል። ፓሪስ ውስጥ 80 ያህል ማሽኖቹ የወታደር ልብስ ይሰፉ ነበር። እንጀራችንን ሊወስድ ነው ያሉ ልብስ ሰፊዎች ገብተው ሰባበሯቸው። አሜሪካ ውስጥ ደግሞ ኤልያስ ሃው የሚባል ሰው መስከረም 10 ቀን 1846 የፓተንት ቁጥር 4,750 ተሰጥቶታል። ሲንገር ፓተንቱን ያገኘው ከዚያ አምስት ዓመት ያህል ቆይቶ ነው። ይህን የምንለው እኛ ብቻ አይደለንም። ሲንገር ራሱ በ1854 ለሃው 15,000 ዶላር ከፍሏል። የራሱ ፈጠራ ብቻ ቢሆን ኖሮ ለማን ብሎ ይከፍል ነበር?

ሁለተኛው ቅሬታ ከዚሁ የመጣ ነው። በመጨረሻው የጽሑፍ ፈተና አንዱ ጥያቄ «የስፌት መኪናን የፈጠረው ማነው?» የሚል ነበር። አስራ አንድ ሰልጣኞች «ኤልያስ ሃው» ብለው ጻፉ። ከእኛ የተማሩት እንደዚያ ነዋ! ሁሉም ዜሮ አገኙ። ከመካከላቸው አንዷ በአንድ ነጥብ ተበልጣ ሁለተኛ ወጣች። አንደኛ ለሚወጣ ተቋሙ በእግር የሚረገጥ ስፌት መኪና ይሸልማል። ይህቺ ልጅ ቤቷ መኪና የላትም። ስትመረቅ ሰው ቤት ተቀጥራ በሰው መኪና ነው የምትሰፋው። እንግዲህ «ማንም ይፍጠረው» የተባለው ጥያቄ አንዲት ልጅን መኪና አሳጥቷታል።

ክቡር ኃላፊ፣ ሦስተኛው ቅሬታ ረዘም ያለ ነው፤ ትዕግስትዎን እንለምናለን። ታሪኩ ለምን ከማስተማሪያው እንደወጣ ስንጠይቅ የሃውና የሲንገር ክርክር «የሁለት ነጋዴዎች የግል ጭቅጭቅ» ነው ተባልን። እንደዚያ አይደለም። ይህ ክርክር በልብስ ስፌት ሙያ ውስጥ ካሉ ታሪኮች ሁሉ ለሰልጣኝ የሚጠቅመው ነው ብለን እናምናለን። ስለዚህ እዚህ እንተርከዋለን።

ሃው በ1819 በማሳቹሴትስ፣ ስፔንሰር በምትባል ከተማ ተወለደ። በወጣትነቱ ሎዌል ውስጥ የጥጥ መፍተያና መሸመኛ ማሽን በሚሠሩ ፋብሪካዎች ሠራ። በ1837 አገሩን የገንዘብ ቀውስ መታው፤ እሱም ሥራውን አጣ። ኋላ ቦስተን ውስጥ አሪ ዴቪስ ከሚባል የረቀቁ መሣሪያዎች ሠሪ ዘንድ ገባ። አገባ፤ ሦስት ልጆች ወለደ። ጤናው ደካማ ነበር፤ ገቢውም ከእጅ ወደ አፍ።

ሐሳቡ ሲነገር ቀላል ይመስላል። የእጅ መርፌ ቀዳዳው ከጭራው በኩል ነው። የሃው መርፌ ቀዳዳው ከሹሉ ጫፍ አጠገብ ነው። መርፌው ጨርቁን ሲወጋ ክሩን ይዞ ይገባል። ከጨርቁ ማዶ ክሩ ትንሽ ቀለበት ይሠራል። በዚያ ቀለበት ውስጥ ሁለተኛ ክር የያዘ መወርወሪያ ሽው ብሎ ያልፋል። ሁለቱ ክሮች ጨርቁ መሃል ላይ ይቆላለፋሉ። መወርወሪያ ስንል ሰልጣኞቻችን ወዲያው ይገባቸዋል፤ የሸማኔ ልጆች አሉባቸው። ሃውም ያደገው በሽመና ማሽኖች መካከል ነው። ዛሬ የላይኛው ክርና የቦቢን (የታችኛው) ክር እያልን የምናስተምረው ከዚሁ ዘር ነው። አንዱን ክር ብትስበው ስፌቱ የማይተረተረው በዚህ ምክንያት ነው። ይህን ታሪኩን እየነገርን ስናስተምር ሰልጣኙ የክር መወጠሪያውን ለምን እንደሚያስተካክል ይገባዋል። ሳንነግረው ስናስተምር ዝም ብሎ ይሸመድዳል። ልዩነቱን በክፍል ውስጥ በዓይናችን አይተነዋል።

ማሽኑን ለመሥራት ገንዘብ አልነበረውም። ጆርጅ ፊሸር የሚባል የከሰልና የእንጨት ነጋዴ ወዳጁ 500 ዶላር ሰጠው። ቤተሰቡንም ቤቱ አስገባ። በምላሹ የፓተንቱ ግማሽ የፊሸር እንዲሆን ተስማሙ። ይህን ውል ያስታውሱልን፤ ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

በ1845 ማሽኑ ሰፋ። ሃው ቦስተን ኩዊንሲ አዳራሽ ወስዶ ከአምስት ፈጣን ሴት ሰፊዎች ጋር አወዳደረው። አሸነፋቸው። በደቂቃ 250 ጊዜ ይወጋ ነበር። ግን አንድም ልብስ ሰፊ አልገዛውም። ዋጋው 300 ዶላር ገደማ ነበር፤ ለዚያ ዘመን ልብስ ሰፊ የማይቀመስ ነው። ሥራችንን ይነጥቀናል የሚል ፍርሃትም ነበር።

አገሩ ስላልፈለገው ወንድሙ አማሳ ማሽኑን ይዞ ለንደን ሄደ። ዊሊያም ቶማስ የሚባል የኮርሴት (የሴቶች ወገብ ማጥበቂያ ልብስ) አምራች በ250 ፓውንድ ገዛው። ከዚያም የእንግሊዝን ፓተንት በራሱ ስም አወጣ። ሃውን ማሽኑን ለኮርሴት ሥራ እንዲያስተካክልለት በሳምንት ሦስት ፓውንድ ቀጠረው። ብዙም ሳይቆዩ ተጣሉ። ሃው ባዕድ አገር ላይ ባዶ እጁን ቀረ። ቤተሰቡን አስቀድሞ ላከ። ለመመለሻው የመጀመሪያ ማሽኑን እና የፓተንት ወረቀቱን መያዣ አድርጎ አስቀመጠ። ይህን ስንጽፍ እጃችን ይከብዳል። የራሱን መርፌ አስይዞ የሄደ ሰው ነው።

በ1849 አገሩ ሲገባ ኪሱ ውስጥ የነበረው ጥቂት ሳንቲም ነው። ሚስቱ ኤልዛቤት በሳንባ ነቀርሳ በሞት አፋፍ ላይ ነበረች። እሷ ዘንድ ለመድረስ ገንዘብ መበደር ነበረበት። ብዙም ሳትቆይ ሞተች። ለቀብሯ የለበሰው ልብስ የውሰት ነበር ይባላል።

እሱ በሌለበት ግን ስፌት መኪና ገበያ ላይ ውሎ ነበር። የሚሠሩትና የሚሸጡት ሌሎች ናቸው። መርፌው፣ መወርወሪያው፣ የሁለቱ ክር መቆላለፍ ያው የእሱ ነው።

ሲንገር የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። ተዋናይም መካኒክም ነበር። በ1850 ቦስተን፣ ኦርሰን ፌልፕስ በሚባል ሰው ወርክሾፕ ውስጥ ለጥገና የመጣ፣ ሌሮውና ብሎጅት የሚባሉ ሰዎች ያወጡት ስፌት ማሽን አየ። በ40 ዶላር ብድር፣ በ11 ቀን የተሻለ ሠርቶ አወጣ። እውነቱን ለመናገር ጎበዝ ነበር። የሃው መርፌ ጎባጣ ነበር፤ ጨርቁም በሹል ፒኖች ተሰክቶ በቁሙ ነበር የሚሄደው፤ ጥቂት እንደተሰፋ ፈትቶ እንደገና መሰካት ግድ ነበር። የሲንገር መርፌ ቀጥ ብላ ከላይ ወደ ታች ትወርዳለች። ጨርቁ ጠረጴዛ ላይ ይተኛል። ተጫኝ እግር ይይዘዋል። ልብስ ሰፊው በእግሩ ፔዳል እየረገጠ ሁለት እጁን ለጨርቁ ነፃ ያደርጋል። ፓተንት ቁጥር 8,294፣ ነሐሴ 12 ቀን 1851። ይህ ሁሉ የሲንገር ነው፤ ማንም አይነፍገውም። አገራችን ልብስ ሰፊዎች በረንዳ ላይ ለዘመናት የረገጡት «ሲንጀር» ይህንኑ ቅርጽ የተከተለ ነው።

ሃው መጥቶ 25,000 ዶላር ጠየቀው። ሲንገር እምቢ አለ። ጠበቃው ኤድዋርድ ክላርክ ሸሪኩም ነበር፤ ቀልድ የማያውቅ የሕግ ሰው። ክርክሩ ለዓመታት ቀጠለ። ጋዜጦች «የስፌት መኪና ጦርነት» እስኪሉት ድረስ አምራች ሁሉ አምራችን ከሰሰ። ሃው ለክሱ ገንዘብ ከየት አመጣ? የፊሸርን ድርሻ የገዛ ጆርጅ ብሊስ የሚባል ሰው ወጪውን ሸፈነ። ለዚያም መያዣ ያስፈልግ ነበር። የሃው አባት እርሻቸውን አስያዙለት።

የሲንገር ወገን መከላከያ ፈለገ። ዋልተር ሃንት የሚባል የኒው ዮርክ ሰው አገኙ። ሃንት ከ1832 እስከ 1834 ባለው ጊዜ ቀዳዳው ጫፉ ላይ የሆነ መርፌና መወርወሪያ ያለው ማሽን ሠርቶ ነበር። ከሃው አስር ዓመት በላይ ቀድሟል ማለት ነው። ፓተንት ግን አላወጣም። ሴት ሰፊዎችን ሥራ ያሳጣል ብሎ ሰግቶ እንደተወው ይነገራል። የአሮጌው ማሽን ቅሪት ተፈለገ። ሃንት በ1853 ፓተንት እንዲጠይቅ ተደረገ። ዓላማው ግልጽ ነው፤ ሃውን መጣል።

የፓተንት ኮሚሽነሩ ቻርልስ ሜሰን በግንቦት 1854 ወሰኑ። የውሳኔው መንፈስ ይህ ነው። ሃንት ቀድሞ አስቦታል። ግን ፈጠራውን 18 ዓመት አስተኝቶ፣ ሌላው ለሕዝብ ካደረሰው በኋላ ያንን ለማነቅ ሊያስነሳው አይችልም። የሃው ፓተንት ጸና። በዚያው ዓመት የማሳቹሴትስ ፌዴራል ዳኛ ስፕራግ ደግሞ በሌላ መዝገብ፣ ሕዝቡ ከስፌት መኪና ላገኘው ጥቅም ባለዕዳነቱ ለሃው መሆኑ የሚያጠራጥር ነገር እንደሌለው ወሰኑ። በሐምሌ ወር ሲንገር ከፈለ። ለሚሸጠው ለእያንዳንዱ ማሽንም 25 ዶላር የፈቃድ ክፍያ ለመክፈል ተስማማ።

ሃው በህልሙ ጫፋቸው የተበሳ ጦር የያዙ ሰዎች አይቶ መርፌውን አገኘ የሚል ተረት አለ። ሰልጣኞች ይወዱታል። ዳኞቹ ፊት የቀረበው ግን ህልም አልነበረም። ማሽን፣ ወረቀትና ቀን ነበር።

ይህ እንዴት የግል ጭቅጭቅ ይሆናል? ውጤቱ የደረሰው እያንዳንዱ ልብስ ሰፊ ጠረጴዛ ላይ ነው። በ1856 ዋናዎቹ አምራቾች ኦልባኒ ከተማ ሊካሰሱ ተገናኙ። ሲንገር፣ ዊለርና ዊልሰን፣ ግሮቨርና ቤከር። የግሮቨርና ቤከር ሰው የሆነው ኦርላንዶ ፖተር ከምንጨራረስ ፓተንቶቻችንን በአንድ እንያዝ አለ። ሃውም ገባበት። ከያንዳንዱ ማሽን 15 ዶላር ክፍያ ይሰበሰባል፤ 5ቱ ለሃው። ሃው ለመግባት ያቀረበውን ቅድመ ሁኔታ ልብ ይበሉ፦ ቢያንስ 24 አምራቾች ፈቃድ ያግኙ አለ። ገበያው በጥቂት ሰዎች እጅ እንዳይዘጋ ማለት ነው። በዚያው ዓመት የሲንገር ድርጅት በዱቤ መሸጥ ጀመረ፤ ልብስ ሰፊው በየወሩ እየከፈለ መኪና መያዝ ቻለ። በ1861 ዊለርና ዊልሰን ባወጡት ንጽጽር አንድ የወንድ ሸሚዝ በእጅ 14 ሰዓት ከ26 ደቂቃ፣ በመኪና 1 ሰዓት ከ16 ደቂቃ ይፈጅ ነበር። ሰልጣኞቻችን ይህን ቁጥር ሲሰሙ ፊታቸው ይለወጣል። ለአንድ ሸሚዝ ስንት ሊያስከፍሉ እንደሚገባ ማስላት የሚጀምሩት እዚያው ነው። ከአራቱ ገጾች ጋር የተጣለው ይህ ሁሉ ነው።

አሁን ወደ አራተኛው ቅሬታ። ከሁሉም የሚያመን ይሄ ነው።

ባለፈው ዓመት አንዲት ሰልጣኝ ሽርጥ ሰፋች። እናቷ ጉልት ላይ ሽንኩርትና ቲማቲም ይሸጣሉ። ገንዘብ ከኪሳቸው ሁለት ጊዜ ተሰርቆባቸዋል። ልጅቷ ከውስጥ በኩል ድርብ ኪስ አወጣች። አፉ ወደ ላይ ሳይሆን ወደ ጎን ነው፤ ባለቤቲቱ እጇን በወገቧ በኩል ካላሾለከች አይከፈትም። ወንበር ላይ ስትቀመጥ ሳንቲሙ አይፈስም። ሦስት ጊዜ ቆርጣ ሦስት ጊዜ አበላሽታለች። አራተኛው ሠራ። ቅዱን በካርቶን አዘጋጅታ ለአሰልጣኟ አስረከበች።

ሽርጡ በተቋሙ ዓመታዊ ዝግጅት ላይ ለዕይታ ቀረበ። ካርዱ ላይ የተቋሙ ስም ብቻ ነበር። እሺ አልን። ከሁለት ወር በኋላ ለአንድ ደንበኛ በብዛት እንዲሰፋ ትእዛዝ መጣ። ቅዱ የእሷ ነው። የሰፉት ሰልጣኞች ናቸው፤ እሷም ከሰፊዎቹ አንዷ ሆና ተመደበች። ስሟ የትም የለም። ስንጠይቅ የተሰጠን መልስ፦ «በተቋሙ ጨርቅ፣ በተቋሙ መኪና የተሰፋ የተቋሙ ነው።»

ክቡር ኃላፊ፣ የፊሸርን ውል ያስታውሱ ያልነው ለዚህ ነው። ፊሸር 500 ዶላር አወጣ። ቤቱን ሰጠ። ማሽኑ ፊሸር ቤት ጣሪያ ሥር ተሠራ። የጥቅሙን ግማሽ ጠየቀ፤ ተሰጠውም። ይህ ፍትሐዊ ነው። ግን ፊሸር አንድ ቀን «በቤቴ የተሠራ ነውና ፈጣሪው እኔ ነኝ» አላለም። ፓተንት ቁጥር 4,750 ላይ ያለው ስም የኤልያስ ሃው ነው። ለንደን ያለው ቶማስ ደግሞ ከፈለ፤ ከዚያ የእንግሊዙን ፓተንት በራሱ ስም አወጣ። ባለሐሳቡን በሳምንት ደመወዝ ቀጠረው። ተቋማችን ለሰልጣኞቹ ፊሸር እንዲሆን እንመኛለን። ጨርቁን፣ መኪናውን፣ መብራቱን፣ አሰልጣኙን ያቀረበ ድርሻ ይገባዋል፤ እኛም አንከራከርም። አሁን የተሠራው ሥራ ግን የቶማስን ይመስላል። ቃሉ ከባድ እንደሆነ እናውቃለን። ቀለል ያለ ቃል ፈልገን አላገኘንም።

ልጅቷ ቅሬታዋን ለማቅረብ ፈርታ ነበር። የምስክር ወረቀቴን ይይዙብኛል ብላ። ዛሬም ስሟን እዚህ ያልጻፍነው ስለዚህ ነው። ስሟ ተሰርዞባት፣ አሁን ደግሞ ለራሷ ደኅንነት እኛም ስሟን መደበቅ ግድ ሆነብን። ይህንን በእርጋታ እንዲያስቡበት እንጠይቃለን።

የሃንት ነገርም ከእኛ ጋር የተያያዘ ነው። ሃንት ደግ ሰው ነበር፤ እጁም ወርቅ ነው። መርፌ ቁልፍን በዛሬ ቅርጿ የፈጠራት እሱ ነው። የዚያችን ፓተንት በ400 ዶላር ሸጣት። ስፌት መኪናውን ግን ሳያስመዘግብ ተወው፤ ሕጉም ከ18 ዓመት በኋላ አልሰማውም። በእኛ ወርክሾፕ ስንት ሃንት እንዳለ ብነግርዎ ይገርምዎታል። ዚፕ ሳይጨማደድ የሚሰፋበት ቀላል ማስያዣ ከቆርቆሮ የሠራ ልጅ አለ። የሐበሻ ቀሚስ ጥለት ሳይዛነፍ የሚቆረጥበትን መንገድ ያገኘች አለች። የአንዳቸውም ሥራ የትም አልተጻፈም። ቀን የለውም። ነገ አንድ ሰው የእኔ ነው ቢል ማን ይመሰክራል? አገራችን በአዋጅ ቁጥር 123/1987 ለፈጠራ፣ ለአነስተኛ ፈጠራ እና ለኢንዱስትሪያዊ ንድፍ ጥበቃ ትሰጣለች። አንድም ሰልጣኛችን ይህን አዋጅ ሰምቶት አያውቅም። በሥልጠና መርሐ ግብሩ ውስጥ አንድ ሰዓት እንኳ አልተመደበለትም።

የምንጠይቀውን ከማንሳታችን በፊት አንድ ነገር ግልጽ እናድርግ። ሲንገርን ከግድግዳ አውርዱልን እያልን አይደለም። እንጀራችንን የምንበላው በእሱ ዓይነት መኪና ነው። ሃውንም ብቻውን የፈጠረ አናደርገውም። ለፈተናው ጥያቄ በአንድ ስም የሚመለስ መልስ የለም፤ ቲሞንዬ አለ፣ ሃንት አለ፣ ሃው አለ፣ ሲንገር አለ፣ የሚሽከረከረውን መንጠቆ ያመጣው አለን ዊልሰን አለ። ጥያቄው ራሱ የተሳሳተ ነበር። ሃው እንኳ ፓተንቱ በመስከረም 1867 ጊዜው ባለቀ በወሩ፣ በ48 ዓመቱ ሲሞት፣ የሚረግጡት መኪናዎች የብዙ ሰዎች ሐሳብ ተሰባስቦባቸው ነበር። ነገር ግን የእያንዳንዱ ሰው ድርሻ በስሙ ተጽፎ ስለነበር ማን ምን እንደጨመረ ዛሬ መናገር እንችላለን።

ስለዚህ የሚከተለውን እንጠይቃለን።

በማስተማሪያው ላይ ያሉት ሁለት መስመሮች ይታረሙ። የቀድሞው አራት ገጽ ይመለስ። እኛ አሰልጣኞች ያለ ክፍያ አሻሽለን በሁለት ሳምንት ውስጥ እናቀርባለን።

የፈተናው ጥያቄ ይሰረዝና ለተፈተኑት ሁሉ ነጥቡ ይሰጥ። ውጤቱ እንደገና ይደመር። አንደኛ የወጣው ልጅ የተሸለመውን መኪና እንዲመልስ አንፈልግም፤ እሱ ምንም አላጠፋም። በድጋሚ ድምሩ እኩል ለምትሆነው ልጅ ግን ሁለተኛ መኪና ይሰጣት።

የሽርጡ ባለቤት ስሟ በካርዱም፣ በቅዱም፣ በትእዛዙ ሰነድም ላይ ይጻፍ። ከተሸጠው ላይ ድርሻዋ ተሰልቶ ይከፈላት። ስንት እንደሆነ ከእሷና ከተወካያችን ጋር ተቀምጣችሁ ተነጋገሩ። ቅሬታ በማቅረቧ ምንም እንደማይደርስባት በጽሑፍ ይረጋገጥላት።

በወርክሾፑ የንድፍ መዝገብ ይከፈት። ሰልጣኝ አዲስ ቅድ ወይም አዲስ ዘዴ ሲያመጣ ስሙ፣ ቀኑና ሥዕሉ ይመዝገብ፤ አሰልጣኝ ይፈርምበት፤ አንድ ቅጂ ለሰልጣኙ ይሰጥ። ለዚህ የሚያስፈልገው አንድ ባለ መስመር ደብተርና እስክሪብቶ ነው። ደብተሩን ገዝተናል።

ተቋሙ ከሰልጣኝ ንድፍ ላይ ሊያገኝ የሚገባው ድርሻ በግልጽ ይጻፍና ሰልጣኙ ሲመዘገብ ይነገረው። ስለ ፈጠራና ንድፍ መብትም ቢያንስ አንድ የትምህርት ክፍለ ጊዜ ይመደብ። የሃውን ጉዳይ የምናስተምረው በዚያ ሰዓት ነው።

መልስዎን በጽሑፍ እንጠብቃለን። ለስብሰባ ከጠሩንም ከሰኞ እስከ ዓርብ፣ ከሥልጠና ሰዓት ውጭ፣ በማንኛውም ጊዜ እንመጣለን።

ከአክብሮት ጋር

የልብስ ስፌትና ዲዛይን ክፍል አሰልጣኞችና ሰልጣኞች ተወካይ

ግልባጭ፦
ለመዝገብ ቤት
ለሰልጣኞች ማስታወቂያ ሰሌዳ